የባዮሜዲካል ምህንድስና ትምህርትና የሥራ ዕድል በድሬዳዋና በሐረር

ባዮሜዲካል ምህንድስና የሕክምና መሣሪያዎችን የመንደፍ፣ የመምረጥ፣ የመትከል፣ የመጠገንና ልኬታቸውን የማረጋገጥ ሙያ ነው። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ግን ከንድፉ ይልቅ ጥገናው ይገዝፋል። በድሬዳዋ ድል ጮራና ሳቢያን፣ በሐረር ደግሞ ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች ከከተማው ነዋሪ ባሻገር ከአጎራባች ወረዳዎች የሚመጡ ሕሙማንን ስለሚያስተናግዱ፣ የአንድ ኤክስሬይ ማሽን መቆም ከሩቅ ገጠር የመጣ ታካሚን ጭምር ያንገላታል።

የ12ኛ ክፍል ፈተናን በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ አልፎ ሙያውን የመረጠ ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን በ5 ዓመት ያጠናቅቃል። ትምህርቱን ከሚሰጡት መካከል የጅማና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ይገኙበታል። ተማሪው የሰውነት አካላትን አሠራር፣ ኤሌክትሮኒክስን፣ የሕክምና ምስል ቴክኖሎጂንና የመሣሪያ አያያዝን ይማራል፤ የተግባር ልምምድም ያደርጋል። ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር የሄደ ተማሪ ይህን ልምምድ በትውልድ ከተማው ሆስፒታል ቢያደርግ ይበጀዋል፤ የአካባቢው ችግር በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ እምብዛም አይገኝምና።

ለዚህ አውቶክሌቭ ጥሩ ማሳያ ነው። መሣሪያዎችን በእንፋሎት የሚያመክነው ይህ ማሽን በባሕር ጠለል አካባቢ በተለመደው የግፊት ልክ 121 ዲግሪ ሴልሽየስ ይደርሳል። ሐረር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየር ግፊቷ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ የግፊት መለኪያው ያንኑ ልክ እያሳየ ሙቀቱ 118 ዲግሪ ገደማ ላይ ሊቀር ይችላል። ባለሙያው ግፊቱን እንደ ከፍታው ካላስተካከለ ወይም ሙቀቱን በቀጥታ ካልለካ፣ መከነ የተባለው መቀስ ሳይመክን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊገባ ይችላል። በድሬዳዋ ደግሞ ፈተናው ሙቀትና አቧራ ነው። አየር ስቦ ኦክስጅን የሚለየው ኮንሰንትሬተር ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ይግላል፣ የሚያወጣው ኦክስጅንም ጥራቱ ይወርዳል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ሲታከልበት ጉዳቱ ይብሳል።

ተመራቂው በሆስፒታል የጥገና ክፍል፣ በጤና ቢሮ፣ በመድኃኒትና በሕክምና መሣሪያ አቅርቦትና ቁጥጥር ተቋማት፣ በአስመጪ ድርጅቶች ወይም በመምህርነት ሊሠራ ይችላል። የመንግሥት ቅጥር በተፈቀደ የሥራ መደብና በጀት የተገደበ ስለሆነ፣ በአንድ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በላቦራቶሪ ወይም በምስል መሣሪያዎች ላይ ጠለቅ ያለ የጥገና ችሎታ መያዝ በግሉ ዘርፍም በር ይከፍታል።

በ2011 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የ16 አገሮች ጥናት፣ አቅማቸው ውስን በሆኑ አገሮች ከሚገኙ የሕክምና መሣሪያዎች በአማካይ 38.3 በመቶው አገልግሎት እንደማይሰጡ አሳይቷል። ስለሆነም መሐንዲሱ የሚፈለገው ማሽኑ ከተበላሸ በኋላ ብቻ መሆን የለበትም። ግዥ ሲፈጸምም ሆነ እርዳታ ሲመጣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ፣ ማሽኑ የአካባቢውን ሙቀትና የኃይል መዋዠቅ ይችል እንደሆነ፣ የጥገና መመሪያና ሥልጠና አብሮ ይቀርብ እንደሆነ ርክክቡ ሳይፈረም አስቀድሞ እንዲያጣራ ሊፈቀድለት ይገባል።