«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው»፦ ሕዝብ የከፈለበትን ጥናት ማን ያነበዋል?

አባይን ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ተረት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወንዙ ታች ይታያል፤ እጅ ግን አይደርስበትም። ሸለቆው በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል። አፋፉ ላይ የሚያርሰው ገበሬ ሰማይ ሰማይ እያየ ዝናብ ይጠብቃል። ውሃው ግን ከእግሩ ሥር አልፎ፣ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ይገባል። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን የድህነት ተረት አድርጎ ይወስደዋል። እኔ አይመስለኝም። ውሃ በሌለበት አገር ሰው ቢጠማ ማንም አይተርትበትም። እዚህ ግን ውሃው ሞልቷል፤ ልጁም የወንዙ ልጅ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ገደል ነው ነገሩን ተረት ያደረገው። ወንበር ሠሪው ቤት መቀመጫ ሲታጣ የምንተርተውም ለዚህ ነው።

«የአባይን» ላይ ያለችውን «ን» ልብ በሉልኝ። ተረቱ «የአባይ ልጅ ውሃ ተጠማ» አላለም። «የአባይን ልጅ ጠማው» ነው ያለው። ጥማቱ በልጁ ላይ የደረሰበት ነገር ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ይህ ተረት ስለ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። መንግሥት ከሕዝብ በሰበሰበው ግብር የተመራማሪውን ደሞዝ ይከፍላል፤ ቤተ ሙከራውን ያሟላል። ተመራማሪው ውጤቱን ጽፎ ለጆርናል፣ ማለትም ለጥናት መጽሔት፣ ይሰጣል፤ በአብዛኛው ምንም አይከፈለውም። ጽሑፉን የሚገመግሙት ሌሎች ምሁራንም እንዲሁ በነፃ ይሠራሉ። ከዚያ አሳታሚው ያንኑ ጽሑፍ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በደንበኝነት ክፍያ ይሸጥለታል። መክፈል ያልቻለ ዩኒቨርሲቲ፣ የገጠር ሐኪም፣ መምህር ወይም ተራ ዜጋ አጭሩን ማጠቃለያ አንብቦ ይመለሳል። ወንዙን ከላይ ማየት ማለት ይህ ነው።

ገደሉ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ያሳየችኝ ላይቤሪያ ናት። በ1982 (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የአውሮፓ ተመራማሪዎች የላይቤሪያውያንን የደም ናሙና መርምረው አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። በናሙናው ውስጥ ሰውነት ኢቦላን ለመከላከል የሚሠራቸውን ንጥረ ነገሮች አግኝተው ነበር። ስለዚህ ላይቤሪያ ኢቦላ ከሚገኝባቸው አገሮች መቆጠር እንዳለባት፣ የጤና ባለሙያዎቿም ሕመምተኛ ሊያጋጥማቸው እንደሚችል ጻፉ። በ2014 ወረርሽኙ ሲገባ ይህ ማስጠንቀቂያ በአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አይታወቅም ነበር። በላይቤሪያ ከ4,800 በላይ ሰው ሞተ። በ2015 የአገሪቱ የጤና ኃላፊዎች ነገሩን በጋዜጣ ሲጽፉ በዚህ ጉዳይ ከወጡት የጥናት ጽሑፎች አንዱን ለማውረድ 45 ዶላር እንደሚጠየቅ ተናገሩ። ለአንድ ላይቤሪያዊ ሐኪም ይህ የግማሽ ሳምንት ደሞዝ ገደማ ነበር። ከጥናቶቹ ጸሐፊዎች መካከል አንድም ላይቤሪያዊ አለመኖሩንም ጠቅሰዋል። ጽሑፉ በነፃ ቢገኝ ኖሮ ወረርሽኙ ይቀር ነበር ብዬ አልከራከርም። ግን እነዚያ ሰዎች ደማቸውን ሰጥተው ነበር። ከደማቸው የተገኘው ዕውቀት ተመልሶ አልደረሳቸውም።

ክፍት ተደራሽነት የሚባለው ሐሳብ፣ ማለትም ጥናት በኢንተርኔት ለማንም በነፃ ይነበብ የሚለው፣ ይህን ገደል ለመሻገር የመጣ ነው። በ2002 የወጣው የቡዳፔስት መግለጫ ስሙን አስተዋወቀው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2008 በገንዘቡ የተሠራ ጥናት ሁሉ ቢዘገይ በ12 ወር ውስጥ ለሕዝብ እንዲከፈት አስገደደ፤ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ ያችን የ12 ወር ጥበቃ አነሳት። በ2018 የአውሮፓ የጥናት ገንዘብ ሰጪዎች ተመሳሳይ ዕቅድ ይዘው ተነሱ። ኢትዮጵያም በመስከረም 2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥታለች። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጽሑፍ፣ የመመረቂያ ጥናትና መረጃ በብሔራዊው የዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ ያዛል። የመመረቂያ ጥናቶች መካተታቸው በተለይ ደስ ብሎኛል፤ ስንቱ ሥራ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ ቀርቷል!

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ብዙ አሳታሚዎች አንባቢውን ነፃ ሲለቁ ክፍያውን ወደ ጸሐፊው አዞሩት። ኔቸር የተባለው ጆርናል በ2020 ለአንድ ጽሑፍ እስከ 9,500 ዩሮ እንደሚያስከፍል አስታወቀ። ይሄ ገደሉን ከወንዙ አንዱ ዳር ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ማንበብ የቻለው ምሁር አሁን መጻፍ ሊያቅተው ነው። ለድሃ አገር ጸሐፊዎች ቅናሽ የሚያደርጉ ጆርናሎች አሉ፤ ግን በምጽዋት የቆመ መብት መብት አይባልም። መንግሥታት በፖሊሲያቸው ሌላውን መንገድ ቢያጠናክሩ እመርጣለሁ። ተመራማሪው ተገምግሞ የጸደቀውን ረቂቁን በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ያስቀምጥ፤ ማንም ሳይከፍል ያንብበው።

እስከዚያው ድረስ ክፍያ የሚጠይቅ ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ርዕሱን ሙሉውን ገልብጣችሁ ፈልጉት፤ ነፃው ቅጂ በሆነ ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ካጣችሁትም ማጠቃለያው አጠገብ የጸሐፊው ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ አለ። ሁለት መስመር ጽፋችሁ ጠይቁት። ሥራው ሲነበብለት ደስ የማይለው ተመራማሪ ጥቂት ነው።