«ቴስታታው ሄዷል» ከመባሉ በፊት፦ ራዲያተር ውስጥ ስለሚገኝ ዘይት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማኪያቶ ሆኗል» አለኝ ሹፌሩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። ኮፈኑን ከፍቶ የራዲያተሩን ትርፍ ውሃ መያዣ ፕላስቲክ አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ላዩ አረፋ ያዘለ ነገር ሞልቶታል። ከወረታ ሩዝ ጭኖ ባሕር ዳር እስኪገባ ድረስ ሙቀቱ ሁለት ጊዜ ወጥቶበት መንገድ ላይ ቆሟል። በቆመበት ሁሉ ያገኘው ሰው የነገረው አንድ ነገር ነው፦ «ቴስታታው ሄዷል።» ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ብረት ነው። አባይ ማዶ እኛ ጋራዥ ሲደርስ በልቡ ቴስታታውን አውርዶ ጨርሷል፤ የቀረው ዋጋ መጠየቅ ብቻ ነበር።

ቴስታታው አልወረደም። ከዓመታት በፊት ግን እኔው ራሴ የአንድ ሃይሩፍ ቴስታታ አውርጄ፣ ቶርኖ ቤት ልኬ አስላጭቼ፣ አዲስ ጋርኒሽን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) አስገብቼ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ቡናማ ነገር ተመልሶ መጥቶብኛል። የሰውየውን ፊት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ብልሽት የሚባለውን ሁሉ ሳልፈትሽ አልቀበልም።

«ውሃ ውስጥ ዘይት ከታየ የቴስታታ ጋርኒሽን ነው»

ሊሆን ይችላል። ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መሆን የለበትም።

ናፍጣ ሞተር ውስጥ ዘይትና ውሃ ተጎራብተው የሚኖሩት በዋናነት በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ቴስታታው ብሎኩ ላይ የሚያርፍበት፣ ጋርኒሽኑ ያለበት ነው። ሁለተኛው ራሱ ብረቱ ነው፤ ቴስታታው ወይም ብሎኩ ከተሰነጠቀ። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፦ የሞተሩን ዘይት የሚያቀዘቅዘው ኦይል ኩለር። ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ከዘይት ፊልትሮው መቀመጫ ጀርባ ወይም ብሎኩ ጎን ላይ ባለ ክዳን ሥር ተሸሽጎ ይቀመጣል። በውስጡ ዘይት ያልፋል፣ በውጩ የራዲያተሩ ውሃ። በመካከላቸው ያለው ብረት ሙቀት እንዲያሳልፍ ተብሎ ስስ ነው የተሠራው፤ የሚበሳውም ስለዚሁ ነው።

አሁን ግፊቱን እንይ። ሞተሩ ሞቆ በ3000 ዙር ሲሄድ የዘይቱ ግፊት እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ2.5 እስከ 6 ባር ይደርሳል። የራዲያተር ክዳን ውሃውን የሚያፍነው ግን 1 ባር ገደማ ድረስ ብቻ ነው። ጉልበተኛው ዘይቱ ነው። በመካከላቸው ቀዳዳ ከተገኘ፣ መኪናው እየሄደ ሳለ ዘይት ውሃውን ይወርረዋል እንጂ ውሃ ዘይቱን አይነካውም። የውሃ ፓምፑ ደግሞ ሥራው ማዞር ነው፤ ቅል ውስጥ እንዳለ ወተት ሁለቱን ይንጣቸዋል። ማኪያቶው የሚወጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳቡት። ዘይቱ ጥቁር ሆኖ (የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል፣ አትደንግጡ) ግን ያልነጣ፣ ያልወፈረ፣ መጠኑም ከፍ ያላለ ከሆነ፣ ራዲያተሩ ግን ቡናማ ከሆነ፣ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኦይል ኩለሩ ነው። የተገላቢጦሹ፣ ማለትም ዘይቱ ነጥቶ ራዲያተሩ ውሃ እየጎደለበት ከሆነ፣ ያኔ ስለ ጋርኒሽንና ስለ ስንጥቅ ማውራት እንችላለን።

ይህ ምልክት ፍርድ አይደለም። ወደ ቴስታታው የሚወጣው የዘይት መንገድም ግፊት ስላለው፣ ጋርኒሽኑ እዚያ ጋ ከተበላ ዘይት ብቻውን ወደ ውሃ ሊገባ ይችላል። በሌላ በኩል የኦይል ኩለር ቀዳዳም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ፣ ዘይቱ ግፊቱን ጥሎ ውሃው ገና ትኩስና የታፈነ ሳለ፣ ጥቂት ውሃ ወደ ዘይቱ ሊያስገባ ይችላል። ሚኒሞ ላይም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቆሞ ሲዞር) የሁለቱ ግፊት ይቀራረባል። ለምን ታዲያ ከኩለሩ እንጀምር? ኩለሩን ፈትቶ መፈተሽ ብዙ ጊዜ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቴስታታ ማውረድ ግን የቀናት ሥራ፣ የቶርኖ ቤት ወረፋ፣ የጋርኒሽን ዋጋ፣ ሲገጠምም አዲስ ስህተት የመሥራት ዕድል ነው።

አንዳንድ ሞተር በውሃ የሚቀዘቅዝ ኦይል ኩለር የለውም። ከፊልትሮው አጠገብ የውሃ ቱቦም ሆነ በብሎን የታሰረ ክዳን ካላያችሁ የሞተሩን መጽሐፍ ተመልከቱ፤ የሌለ ነገር ፍለጋ ቀን አትጨርሱ።

«ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው አረፋ ከሠራ ጋዝ እየገባ ነው»

ይህን ስሰማ ከሁሉም በላይ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም እኛ ከተማ ላይ ስህተቱ እጥፍ ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ ያልታፈነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞስታቱ ደግሞ እንደ ሞተሩ ከ80 ዲግሪ ትንሽ ቀደም ወይም አለፍ ብሎ ይከፈታል፤ በቴስታታው ዙሪያ ያለው ውሃ ከዚያም ይበልጥ ይግላል። ክዳኑን አንስታችሁ ሞተሩን አሙቃችሁ «ያው አረፋ!» ስትሉ ያያችሁት ምናልባት ተራ መፍላት ነው። ያው ውሃ ደህና ክዳን ሲያፍነው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ወደ ጣና ዳር ወርዶ ሞተሩን «ያፈላ» መኪና መጥቶልኝ ጉዳዩ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ሆኖ የተገኘበት ቀን ብዙ ነው። ውሃ ከተቀየረ በኋላ ውስጥ የቀረ አየርም ለተወሰነ ጊዜ አረፋ ያወጣል።

ጋዝ መግባቱን ማወቅ የፈለገ ጠዋት ይምጣ፣ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ። ክዳኑ እንደተዘጋ ሞተሩ ይነሣ፤ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጃችሁ ያዙት። ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ያንን ግፊት ያመጣው ሙቀት ሊሆን አይችልም፤ ከሲሊንደር የመጣ ጋዝ ነው። የተበሳ ኦይል ኩለር እንዲህ አያደርግም።

ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረገው ሰማያዊ ፈሳሽ መመርመሪያም አለ፤ ጋዙ ሲገባበት ቀለሙን ይለውጣል። ናፍጣ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። የናፍጣ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከሚፈልገው በላይ ብዙ አየር ስለሚስብ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ ነው፤ ዙሩን ከፍ አድርጎ ታግሦ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሲለወጥም ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴ እንጂ እንደ ቤንዚን ሞተር ወደ ደማቅ ቢጫ አይሄድም። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ፈሳሽ የሚያየው ጋዝ ነው፤ ዘይት አያይም። «ቀለሙ አልተለወጠም፣ እንግዲህ ደህና ነው» የሚል መካኒክ የተጠየቀውን አልመለሰም።

«ቡናማ ሁሉ ዘይት ነው»

አይደለም። ዝገት ቡናማ ነው። ሁለት የማይስማሙ ኩላንቶች (ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚጨመሩ ፈሳሾች)፣ ለምሳሌ አረንጓዴውና ቀዩ፣ ሲቀላቀሉ ዝልግልግ ጭቃ ሊሠሩ ይችላሉ። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመር ዱቄትም ዘይት መስሎ ይንሳፈፋል።

የኔ ፈተና ነጭ ወረቀት ነው። ጠብታ አድርጉበትና ፀሐይ ላይ ተዉት። ውሃና ዝገት ከሆነ ይደርቃል፣ ዱቄት መሳይ ቀለም ይተዋል። ዘይት ከሆነ ዙሪያው ብርሃን የሚያሳልፍ ቅባት ይይዛል፣ ቢውልም አይደርቅም። ቀጥሎ አሽትቱት። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ታሪኩ ሌላ ነው፤ አንዳንድ ሞተሮች ላይ ኢንጀክተሩ የሚቀመጥበት እጅጌ ውሃ ውስጥ ስለሚያልፍ ነዳጅ ከዚያ ሊገባ ይችላል። መኪናው አውቶማቲክ ካምቢዮ ኖሮት ድብልቁ ወደ ሮዝ ካዘነበለ ደግሞ ሞተሩን ተዉት። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዝበት ቱቦ ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ ውስጥ ነው ያለው፤ የተበሳው እሱ ነው። በዚህ ጊዜ ውሃም ወደ ካምቢዮው ስለሚሄድ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መንዳት አያስፈልግም።

«የዘይት መክደኛው ሥር ነጭ ነገር ካለ አለቀ»

ክረምት ላይ ከቤት እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ቤት ብቻ የምትሄድ መኪና ሞተሯ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። እርጥበቱ መክደኛው ላይ እርጎ መስሎ ይቀመጣል። ጥረጉት፣ ዘጌ ደርሳችሁ ተመለሱ፣ እንደገና እዩ። ቴርሞስታቱን «ሀገሩ ሙቅ ነው» ብሎ ያወለቀ ሰው ደግሞ ይህን በበጋም ያየዋል።

«ኮምፕሬሽን ተለክቷል፣ ስለዚህ ጋርኒሽኑ ደህና ነው»

ኮምፕሬሽን የሚለካው የሲሊንደሩን መታፈን ነው። ጋርኒሽኑ በዘይት መንገዱና በውሃው መንገድ መካከል ቢበላ ሲሊንደሩ አይሰማውም፤ ሁሉም ሲሊንደር ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ዘይት ሊጠጣ ይችላል።

የሚያወጣው ፍተሻ ይህ ነው። ኦይል ኩለሩን ፍቱት። ስትፈቱት ኦሪንጎቹን (ክብ የላስቲክ ማሸጊያዎቹን) ተመልከቱ፤ አንዳንዴ ኩለሩ ጤነኛ ሆኖ ጥፋቱ የደረቀ ኦሪንግ ነው። ከዚያ አንዱን የዘይት አፍ ድፈኑ፣ በሌላው ከኮምፕሬሰር ከ3 እስከ 5 ባር አየር ስጡት፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ውሃው ትኩስ ይሁን። ይህን የተማርኩት ከዚያ ሃይሩፍ ነው፤ ቴስታታውን ከመፍታቴ በፊት ኩለሩን በቀዝቃዛ ውሃ ፈትሼው አንዲት አረፋ አልወጣችም ነበር። ሁለተኛ ሲመለስ በፈላ ውሃ ነከርኩት። እንደ ክር የቀጠነ የአረፋ መስመር ወጣ። ስንጥቁ ብረቱ ሲግል ነው የሚከፈተው።

ኩለሩ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ አሁን ቴስታታው ይውረድ። ቅሬታ የለኝም።

«ትንሽ ነው፣ ጎንደር አድርሶኝ ይመለሳል»

ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘይት የተቀላቀለበት ውሃ ሙቀት እንደ ውሃ አይሸከምም፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶችም ይደፍናል። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ደግሞ ያ ውሃ ወደ ዘይቱ ሊመለስ ይችላል፤ ውሃ ያገኘው ዘይት ክራንኩ የሚዞርበትን ብሮንዚና አይጠብቀውም። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የአባይን በረሃ እወጣበታለሁ የሚል ሰው ካለ፣ እኔ ጋር አይምከር።

«በቤንዚን ይታጠባል»

አደራ። ቤንዚን ትኩስ ሞተር ውስጥ እሳት ነው፣ ላስቲኩንም ያበላሻል። ብዙ አረፋ የሚያወጣ የልብስ ሳሙናም ችግር ነው፤ አረፋው ፓምፑን አየር ያስይዘዋል። አረፋው ትንሽ የሆነ ሳሙና በሙቅ ውሃ፣ ቴርሞስታቱ ለጊዜው ወጥቶ፣ እየደጋገሙ ማዞርና ማፍሰስ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ለኛ የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ ግን ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያጠበ ሰው ዘይት በዘይት አጠበ።

ቱቦዎቹንም እዩ። የራዲያተር ጎማ ከዘይት ጋር አይስማማም፤ ያብጣል፣ እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል። ይቀየሩ።

«የጣና ውሃ ምን አለው? ጨው የለው!»

የሐይቁ ውሃ ጨዋማ አለመሆኑ እውነት ነው። ግን ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ በክረምት የሚያመጡት ደለል አለ፤ ከዳር በጀሪካን የቀዳችሁት እሱንም ጭምር ነው። ደለሉ ባይኖር እንኳ ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። ኩላንት የሚገዛው ለበረዶ ብቻ ይመስለናል፤ በረዶ ደግሞ ባሕር ዳር የለም። ኩላንት ውስጥ ግን ብረት እንዳይበላ የሚከላከል ነገርም አለ። ተራ ውሃ ይህን አያውቅም፤ ራዲያተሩን፣ ፓምፑን፣ ያንን ስስ ኦይል ኩለር ከዓመት ዓመት ይበላዋል። የሩዙ ፒክአፕ ሹፌር ምን እንደሚጨምር ስጠይቀው «ያገኘሁትን» ነበር ያለኝ። የፈታነው ኩለር በውሃው በኩል ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ነበር።

አዲስ ኩለር፣ አዲስ ኦሪንጎች፣ ሁለት አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ክዳን ገጠምን፤ አራት ጊዜ አጠብን፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀየርን፣ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ሞላን። «ጥቂት ቡናማ ነገር ለሳምንት ሊታይ ይችላል፤ አትደንግጥ፣ ግን ተመልሰህ አሳየኝ» አልኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። ከትርፍ ውሃ መያዣው ጠብታ ወስጄ የሩዝ ደረሰኙ ጀርባ ላይ አደረግሁና ኮፈኑ ላይ ተውኩት። ቡና ጠጥተን ስንመለስ ወረቀቱ ደርቋል፤ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው የቀረበት። ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሞተሩን አስነሣ።