ፊውዝ ደጋግሞ የሚያቃጥል ዕቃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ ጣና ሐይቅን አሻግረው፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ወዳለችው መጠገኛ ክፍሌ አንድ አምፕሊፋየር አመጡልኝ። «ልጄ፣ ሦስት ፊውዝ በላብን፤ ጎረቤት ሽቦ ቢያስርበት ግን ዝም አለ» አሉኝ። ስከፍተው በፊውዙ ቦታ የተጠማዘዘ የመዳብ ሽቦ ነበር። ሽቦው ደኅና ነው፤ ትራንስፎርመሩ ግን ከስሏል። መነሻው ሾርት ያደረጉ፣ ማለትም ኮረንትን ሳይገቱ በቀጥታ የሚያሳልፉ ሁለት ዳዮዶች (ኮረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ የሚገባቸው ክፍሎች) ነበሩ፤ እነርሱ በጊዜው ቢቀየሩ ኖሮ ከዕቃው ሁሉ ውድ የሆነው ክፍል ባልተቃጠለ ነበር።

የስሕተቱ ሁሉ ሥር ፊውዙን ራሱን እንደ ብልሽት መቁጠር ነው። ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው ከእሱ ቀጥሎ ያለ አንድ ክፍል ከሚገባው በላይ ኮረንት ስለሳበ ነው። ስለዚህ የተቃጠለውን ፊውዝ ከመጣል በፊት ብርጭቆውን ብርሃን ላይ ማየት ይገባል፤ ውስጡ ጠቁሮ ወይም እንደ መስታወት አብረቅርቆ ከተገኘ ከባድ ሾርት መኖሩን ያሳያል፣ ብርጭቆው ጠርቶ ክሩ መሐል ላይ ብቻ ከተበጠሰ ግን መጠነኛ ጭነት ወይም የፊውዙ እርጅና ሊሆን ይችላል።

«ከፍ ያለ ፊውዝ ወይም ሽቦ ቢገባበት ይችላል» የሚለው ከሁሉ የከፋው ነው። ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር የሆነ አንድ የመዳብ ክር እስከ 7 አምፔር ገደማ ሳይቀልጥ ይሸከማል፤ ሦስቱ ሲጠማዘዙ ደግሞ ከ20 አምፔር ያልፋሉ። ዕቃው የተሠራው ለ3.15 አምፔር ፊውዝ ከሆነ፣ የቤቱም ብሬከር 16 ወይም 20 አምፔር ከሆነ፣ ሽቦውም ብሬከሩም ኮረንቱን ሳይቆርጡ ቦርዱ ይነድዳል፤ ኮረንት በእጥፍ ሲጨምር በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። ሌሊት ቤተሰብ በተኛበት ይህ ቢደርስ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ለዚህ ነው።

አምፔሩ እኩል ከሆነ ማንኛውም ፊውዝ ይሆናል ማለትም ስሕተት ነው። በፊውዙ ብረት ላይ በላቲን ፊደል «ቲ» ከተጻፈ ዘግይቶ የሚቆርጥ፣ «ኤፍ» ከሆነ ፈጥኖ የሚቆርጥ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ሲበሩ ለቅጽበት ብዙ ኮረንት ስለሚስቡ በ«ቲ» ቦታ «ኤፍ» ቢገባ ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፊውዙ ሊቃጠል ይችላል። ለ32 ቮልት የተሠራ የመኪና ፊውዝ ደግሞ በ220 ቮልት መስመር ላይ ፈጽሞ አይገባም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚከተለው የቮልቴጅ ዝላይ ዕቃ እንደሚጎዳ እውነት ነው፤ ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይጠቅማል። ነገር ግን ዳዮዱ አስቀድሞ ሾርት ያደረገ ዕቃ ስታቢላይዘር ቢገዙለት አይድንም። የሐይቁን እርጥበትም ቢሆን ውሃ ካልፈሰሰ አይጎዳም ብሎ መናቅ አይገባም፤ በቦርዱ ላይ ያለው አቧራና የበረሮ ኩስ እርጥበት ሲጠጣ ኮረንት ያሳልፋል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የተቃጠለውን አንድ ዕቃ ቀይሮ ወዲያው መሰካት ነው። በቴሌቪዥን ፓወር ቦርድ (ኃይል በሚሰጠው ቦርድ) ላይ ሞስፌቱ፣ ማለትም ኮረንትን በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል፣ ሾርት ሲያደርግ አብዛኛውን ጊዜ ከእግሩ ጋር የተያያዘችውን ትንሽ ሬዚስተርና የሚያዝዘውን አይሲ (ቺፕ) ይዞ ይሄዳል፤ እነርሱ ሳይለኩ አዲስ ሞስፌት ቢገባ እርሱም በቅጽበት ይከተላቸዋል። ጀርባቸው ትልቅ በሆኑት የድሮ ቴሌቪዥኖች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከስክሪኑ ዙሪያ የሽቦ ጥቅል ጋር የተያያዘው ቴርሚስተር (ሲሞቅ ኮረንት የማሳለፍ አቅሙ የሚለወጥ ክፍል) ነው፤ የጥቅሉ ሶኬት ሲነቀል ፊውዙ መቃጠሉን ካቆመ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው።

በአዲስ ፊውዝ እየሞከሩ ማየትም ምርመራ አይደለም። ባለሙያ በፊውዙ ቦታ የድሮውን ባለ ክር የ100 ዋት አምፖል በተከታታይ ያገናኛል። አምፖሉ ዕቃው ምንም ሾርት ቢኖረው ከግማሽ አምፔር በላይ አያሳልፍም። ቦግ ብሎ ከቀጠለ ሾርቱ አለ፤ ለቅጽበት በርቶ ከደበዘዘ ሾርቱ ተወግዷል። የኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አያገለግልም።

በመጨረሻም፣ ሶኬቱ ስለተነቀለ ዕቃው አያስይዝም ብሎ መክፈት ሕይወት ያስከፍላል። 220 ቮልት በዳዮዶቹ አልፎ በትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ በሚያከማቸው ክፍል) ላይ ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፤ ፊውዙ በተቃጠለ ዕቃ ላይ እንኳ ሊቆይ ይችላል። በጠመንጃ መፍቻ ሾርት አድርጎ ማውረድ ካፓሲተሩንም ዐይንንም ይጎዳል። የዚያኑ አምፖል ሁለት የሽቦ ጫፎች፣ መያዣቸው በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ በካፓሲተሩ እግሮች ላይ ጥቂት ሰከንድ ማስነካት፣ ከዚያም በቴስተር ለክቶ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ መውረዱን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ እጅን ማስገባት ይገባል።