ትክክለኛ አጎራረስ ምንድን ነው? ትልቅ ጡትና አራስ ሕፃን

«አጎራረሱን አስተካክይ» የሚለው ምክር ዛሬ ዛሬ ለማንኛውም የማጥባት ችግር ይታዘዛል። መካሪዎቹ ግን አጎራረስ ሲሉ ሁሉም አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። አንዷ ሕፃኑ የጡቱን ጫፍ አጥብቆ መያዙን ትላለች። ሌላዋ በጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ክፍል በሙሉ አፉ ውስጥ ካልገባ አልጎረሰም ብላ እናቲቱን ታስጨንቃለች። ከሁሉም የሚብሰው ጡቷ ትልቅ ለሆነ እናት ተለይቶ የሚነገረው ነው፦ «ልጁን እንዳያፍነው አፍንጫው ጋ በጣትሽ ጫን አድርገሽ ያዢለት።» አራስ ጠያቂው ሁሉ በቅንነት ነው የሚናገረው። ነገር ግን የጡት ጫፍ ለመሰንጠቅና ወተት ቋጥሮ ለማበጥ ከዚህ አጭር መንገድ መፈለግ ያስቸግራል።

አጎራረስ ማለት ሕፃኑ አፉ ውስጥ ያስገባው የጡት ክፍል ምን ያህል እንደሆነና ከየትኛው ወገን እንደሚበዛ ነው። በደንብ የጎረሰ ሕፃን አፉ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል፤ አገጩ ጡቱን ነክቷል፤ ጠቆር ያለው ክፍል ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ይታያል እንጂ ከታችኛው በታች ብዙም አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥኑት በእነዚሁ አራት ምልክቶች ነው። ከአራቱ አንዱም ስለ አፍንጫ አይናገርም፤ ስለ ጡት መጠንም እንዲሁ።

«ጥቁሩ በሙሉ ይግባ» የሚሉትን በቶሎ እንለፋቸው። የዚያ ክፍል ስፋት ከሴት ሴት ይለያያል፤ በአንዷ ጠባብ ነው፣ በሌላዋ ከሕፃኑ አፍ በላይ ይሰፋል። ለሁለተኛዋ የማይቻል ነገር መጠየቅ ነው። ዋናው ጥልቀቱ ነው። በደንብ ሲጎረስ የጡቱ ጫፍ ወደ ኋላ ተስቦ፣ ጠንካራው ላንቃ አልቆ ለስላሳው ወደሚጀምርበት አካባቢ ይጠጋል፤ እዚያ የሚጨፈልቀው ነገር የለም። ምላሱ ጡቱን ከሥር አቅፎ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወተቱም ይወርዳል። ጫፉ ብቻ ከተያዘ ግን በምላስና በጠንካራው ላንቃ መካከል ይደቆሳል። ሕፃኑ ሲለቅ ጫፉ በአንድ በኩል ተጠፍጥፎ ወይም ነጭ መስመር ይዞ ከወጣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጎርስ ለጥቂት ሰከንድ ቆንጠጥ ማድረጉ ያለ ነው፤ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ሕመም ግን «ይለመዳል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብቶ ማላቀቅና እንደገና ማጉረስ ነው። ሳያላቅቁ መጎተት ያቆስላል።

ጉርሻን አስቡ። ደህና አጉራሽ እንጀራውን የተዘጋ ከንፈር ላይ አይገፋም፤ አፍ እስኪከፈት ይጠብቃል። ተጎራሹ አቀርቅሮ ወይም አንገቱን ወደ ትከሻው አዙሮ ከሆነ የቱንም ያህል ቢወደድ መዋጥ ያቅተዋል፤ ቀና ማለት አለበት። ጉርሻውም ከአፍ ጋር እንዲስማማ ጠፍጠፍ ይላል፤ በቁመቱ ይዞ በአግድሙ የሚያጎርስ የለም። ሕፃኑም እንደዚሁ ነው፦ ይጠበቃል፣ ቀና ይላል፣ ጡቱ በከንፈሩ አቅጣጫ ይሳሳለታል። ምሳሌው የሚሰበረው እጅ ላይ ሲደርስ ነው። ጉርሻ ወደ አፍ ይሄዳል፤ በጡት ግን የሚመጣው አፉ ነው። ጡቱ ትልቅ ሲሆን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ልዩነት ላይ ነው ያለው።

ከባድ ጡት በእጅ አንሥቶ አፍ ውስጥ መክተት ይቻላል። እጅ ሲደክም ግን ጡቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሕፃኑ ባለበት ይቀራል፣ ጥልቅ የነበረው አጎራረስ ቀስ በቀስ ተንሸራቶ ጫፍ መያዝ ብቻ ይሆናል። እናቶች «መጀመሪያ ደህና ነበር፣ ቆይቶ ነው ማመም የጀመረው» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህን ነው። እጇን የማታወርደዋ ደግሞ ትከሻዋን ሰቅላ፣ አንገቷን ደፍታ ታጠባለች፤ ዋጋውን ጀርባዋ ይከፍላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጡቱን ሳይነኩ ጫፉ የት እንደሚያርፍና ወዴት እንደሚያይ ማየት ነው። ትልቅ ጡት ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ታችና ወደ ጎን ያያል። የሕፃኑ ቦታ እዚያው ከፍታ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ጭን ላይ፣ ያለ ምንም ትራስ። ለማጥቢያ ተብሎ የሚሸጠው ወፍራም ትራስ ለአንዳንዷ እናት ሕፃኑን ከጡቱ ጫፍ በላይ ይሰቅለዋል። ዋጋውን ስናይ ያሳዝናል።

ጫፉ ከሥር ሆኖ አልታይ ካለ የእጅ ፎጣ ጠበቅ አድርጎ ጠቅልሎ፣ ጡቱ ከደረት ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ሥር ማስገባት ይበቃል። ፎጣው ጡቱን ይሸከማል፣ ጫፉን ወደ ፊት ያወጣል፣ አንድ እጅም ነፃ ይሆናል። እናት ከላይ ሆና የሕፃኑን የታችኛ ከንፈር ማየት ስለማትችል ፊት ለፊቷ መስታወት ማቆም ወይም የስልክ ካሜራ መክፈት ከብዙ ምክር ይሻላል።

ጡትሽ ትልቅ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመችሽ በብብት ሥር መያዝ ነው። በቀዶ ጥገና ለወለደችም ቁስሉን ስለማይጫን ይስማማል። መደገፊያ ባለው ወንበር ተቀመጪ፤ እግርሽ መሬት ካልደረሰ በርጩማ ይግባለት። ከጎንሽ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ አድርጊና ሕፃኑን በምታጠቢው ጡት በኩል በብብትሽ ሥር አስተኚው፤ እግሩ ወደ ጀርባሽ፣ ሰውነቱ ወደ ጎንሽ ዞሮ፣ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር። እግሩ የወንበሩን መደገፊያ ካገኘ እየገፋ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ከዳሌው አጥፈሽ ወደ ላይ አድርጊለት። ክንድሽ ጀርባውን ይሸከም፤ መዳፍሽ ትከሻዎቹ መሐል ይረፍ፤ ጣቶችሽ ከጆሮዎቹ በታች አንገቱን ይደግፉ። የጭንቅላቱን ኋላ አትግፊ። ሲገፉት ወደ ኋላ ይወራጫል፣ ከዚያ «ጡት እምቢ አለ» ይባልበታል።

ከመጉረሱ በፊት ከጡቱ ጫፍ ጋር የሚገጥመው አፉ ሳይሆን አፍንጫው ነው። በጫፉ የላይኛውን ከንፈሩን ነካ ነካ አድርጊና ጠብቂ። በከፊል ሲከፍት አትቸኩዪ። ወለል አድርጎ ሲከፍት አገጩን አስቀድመሽ፣ መላ ሰውነቱን በአንድ ጊዜ ወደ ራስሽ አምጪው። ጡቱን በሌላው እጅሽ የምትይዢ ከሆነ ጣቶችሽ ከጫፉ ቢያንስ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ይራቁ፤ አውራ ጣትሽ በአፍንጫው በኩል፣ አራቱ በአገጩ በኩል ሆነው ጠፍጠፍ ያድርጉለት። ይህን የምታደርጊው እስኪጎርስ ነው። ፈጣኑ አጠባብ ረጋ፣ ጠለቅ ብሎ የመዋጥ ድምፅ ሲሰማ እጅሽን ቀስ ብለሽ አውጪ፤ ከፍታው ልክ ከሆነ ምንም አይለወጥም።

«ታዲያ አፍንጫው ጡቱ ውስጥ ሲሰምጥስ?» ይላል ተከራካሪው። የአራስ አፍንጫ አጭርና ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ጫፉ ጡት ቢነካ እንኳ በጎንና በጎኑ አየር ያገኛል። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ጤነኛ ሕፃን መተንፈስ ሲያቅተው ጡቱን ይለቃል። አፍንጫው በእርግጥ ከሰመጠ ደግሞ ጥፋቱ የጡቱ ትልቅነት አይደለም። አገጩ ርቆ ግንባሩ ቀርቦ ነው። ቂጡንና ትከሻውን ወደ አንቺ አስጠጊ፣ ወይም መላ ሰውነቱን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ እግሩ አቅጣጫ አንሸራቺው፤ በብብት ሥር ከተያዘ ወደ ጀርባሽ ማለት ነው። አገጩ ጠልቆ ሲገባ ጭንቅላቱ ራሱ ቀና ይላል፣ አፍንጫው ይለቀቃል። ጣት ሲጫን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ቆዳው ወደ ላይ ሲሳብ የጡቱ ጫፍ አብሮ ከአፉ ወደ ውጭ ይሳባል፤ ሕፃኑ የቀረውን ላለመልቀቅ አጥብቆ ይነክሳል። ጣቱ የተጫነበት ቦታ ወተቱ በደንብ አይወጣም፣ ቋጥሮ ይጠነክራል። ከዚያ እናቲቱ ከጡቱ በላይ በኩል እብጠት አገኘሁ ብላ ትደነግጣለች፤ ጣቷ በየቀኑ የሚያርፍበትን ቦታ የሚጠይቃት የለም።

ይህ ሁሉ ግን ለጤነኛ ሕፃንና ለነቃች እናት የተነገረ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ጡንቻው የላላ ሕፃን ራሱን ላያላቅቅ ይችላል፤ ለእሱ የጤና ባለሙያ አጠገብ ሆኖ አያያዙን ቢያሳይ ይገባል። ማደንዘዣው ወይም የሕመም ማስታገሻው ያደነዘዛት ወላድ ብቻዋን አታጥባ። ሶፋ ላይ እያጠቡ ማንቀላፋትም ጡት ትልቅ ሆነ ትንሽ አደገኛ ነው። «ጡቷ ትልቅ የሆነ ተኝታ አታጥባ» የሚለው ግን ሌላ ክልከላ ነው፣ መሠረትም የለውም። ነቅተሽ፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ በጎንሽ ስትተኚ ጡቱን ፍራሹ ይሸከመዋል፤ ሕፃኑን ሆድ ለሆድ ማስጠጋት ብቻ ይቀራል። ብርድ ልብሱና ጋቢው ከፊቱ ይራቁ።

ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ወተቱ ሲመጣ ጡት ያጋታል፤ ጠቆር ያለው ክፍል ተወጥሮ ይጠነክራል፣ ትናንት ደህና የጎረሰው ሕፃን ዛሬ ይንሸራተታል። ጣት የሚጫነው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፣ ያውም ከመጉረሱ በፊት። የጣቶችን ጫፍ በጡቱ ጫፍ ሥር ዙሪያ አሳርፎ፣ ወደ ደረት አቅጣጫ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ መጫን ክፍሉን ያለሰልሰዋል። ጥቂት ወተት በእጅ ማለብም ይረዳል።

«ይህን የሚያክል ጡት ይዛ ወተት አነሳት?» የሚለው ሌላው አስቸጋሪ አነጋገር ነው። ጡትን በአብዛኛው የሚያተልቀው ስብ ነው፤ ወተት የሚሠሩት እጢዎች በመጠኑ አይገመቱም። በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚጠባው እንገር ከሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም፤ ለዚያ ቀን ሆድ ይበቃል፣ ስለዚህ ቅቤም ሆነ ስኳር ውኃ ቦታ የለውም። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ከአምስተኛው ቀን ወዲያ በቀን ቢያንስ 6 እርጥብ ዳይፐርና ሦስት ጊዜ ያህል ቢጫ ሰገራ ካለ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም የተወለደበት ክብደት ላይ ከተመለሰ ወተቱ እየደረሰው ነው። ጡት ማሳነሻ ቀዶ ጥገና የተደረገላት እናት ግን ለየት ትላለች፤ የወተት ቱቦዎች ተቆርጠው ሊሆን ስለሚችል ክብደቱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በቅርብ ይታይ።

ትልቅ ጡት ሥር ላብ ይጠራቀማል። እጥፋቱን በየቀኑ አጥቦ በደንብ ማድረቅና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ማድረግ ይበቃል፤ ቀልቶ የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣ የፈንገስ ቅባት ሊያስፈልግ ስለሚችል ይታይ። የጡት ጫፉን በየማጥባቱ በሳሙና ማጠብ ግን ቆዳውን ከማድረቅ በቀር ጥቅም የለውም። ጡት ማስያዣው ሽቦ የሌለው፣ ሲያወልቁት ቆዳ ላይ ሰንበር የማይተው ይሁን። ጡቱ በአንድ በኩል ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሕፃኑ ከዚያው ጡት መጥባቱን ይቀጥላል፤ ማቆም እብጠቱን ያባብሰዋል።