ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ምንድን ነው? ከሎው ካርብስ የቱ ያዋጣል?

ለደሴ ሰው ስለ ጾም ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ረመዳኑንም ዐቢይ ጾሙንም ከልጅነቱ ያውቃል፤ የራሱን ባይሆን የጎረቤቱን። ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ግን ከሁለቱም ይለያል። የሚጠብቀው ሰዓት ብቻ ነው። ምን እንደምትበሉ አያገባውም። ውሃ አይከለክልም፤ ስኳር የሌለው ቡናም ይፈቅዳል።

በጣም የታወቀው 16 ለ 8 ነው። 16 ሰዓት ይጾማል፤ ምግቡ በቀሪው 8 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት ላይ የጀመረ ሰው ማታ 1 ሰዓት ላይ ያቆማል።

ሎው ካርብ ደግሞ ሰዓት ትቶ ካርቦሃይድሬት ይቆጥራል። ብዙውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች ማለት ነው። ኬቶ የሚባለው ከ50 ግራም በታች ይወርዳል። የእኛ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን የኬቶን የቀን ድርሻ ይጨርሳል። «ጤፍ እኮ ፋይበር አለው» የሚል አይጠፋም። አለው። ግን 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎው፣ ድንቹም ያው ናቸው። የሚቀረው ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብና ጎመን ነው። ኪሱ ለቻለ እሰየው! ጾም ሲገባ ግን ከጎመኑ በቀር ሁሉም ይወጣል። ሽሮና ምስር ፕሮቲን ቢኖራቸውም ካርቦሃይድሬታቸው ቀላል አይደለም።

ታዲያ ሎው ካርብ ለምን ቶሎ የሚያከሳ ይመስላል? ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን፣ በአንድ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንጀራው ሲቀር ክምችቱ ያልቃል፤ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ቴሌግራም ላይ «በሳምንት 4 ኪሎ ቀነስኩ» ተብሎ የሚለጠፈው አብዛኛው ሽንት ነው። ስቡ የሚሄደው ቀስ ብሎ ነው።

ጥናቶቹም ተአምር አያሳዩም። በ2018 የወጣው የስታንፎርድ ጥናት 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ቅባት የቀነሱት 5.3 ኪሎ ገደማ ከሱ። በ2022 ደግሞ ቻይና ጓንጁ ውስጥ 139 ሰዎች ካሎሪ ቀነሱ፤ ግማሾቹ በተጨማሪ በ8 ሰዓት ውስጥ ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። ከዓመት በኋላ በሁለቱ ቡድኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ሰዓት መገደብም ካርቦሃይድሬት መተውም የሚያከሱት በዋናነት አጠቃላይ ምግቡ ስለሚቀንስ ነው።

ለዚህ ነው ጾሞ መወፈርም ያለው። በቅዳሴ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው በሰዓት ቆጠራ ከ16 ያልፋል። ረመዳንም አብዛኛውን ጊዜ 16 ባይሞላም ረጅም ነው። ግን አፍጥሮ ተምሩን፣ ሾርባውን፣ ሳምቡሳውን፣ ጁሱን፣ ከዚያም እራቱን ካስከተለ ኪሎ ቢጨምር ምን ይገርማል?

እንደኔ እንደኔ ለደሴ ሰው ሰዓቱ ይቀላል። ከአንድ ትሪ ከቤተሰብ ጋር እየበሉ እንጀራውን ብቻ መሸሽ ያስቸግራል፤ ያቀረበችውንም እናት ያስከፋል። ቁርስ ማዘግየት ግን ማንንም አያስቀይምም። ፈተናው ቡናው ነው። ከአቦል እስከ በረካ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ከቡና ቁርሱ ጋር፣ ጾሙን ፉርሽ ያደርገዋል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ሺፍት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሰዓቱን እንደ ፈረቃው ማዘዋወር ግድ ነው። ያ አድካሚ ከሆነበት ስኳርና ለስላሳ መተው፣ እንጀራውንም በግማሽ መቀነስ ይሻለዋል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታማሚ ግን ሁለቱንም በራሱ አይጀምር። ምግቡ ቀንሶ መድኃኒቱ እንዳለ ከቀጠለ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ከረመዳን በፊት መጠኑን ለማስተካከል ሐኪም ጋ እንደሚኬደው ሁሉ፣ ለዚህም መጀመሪያ መሄድ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጭራሽ ባይሞክሩት ይሻላል።