ከጡት ካንሰር በኋላ፦ ሆርሞን ተከላካይ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች የማህፀን ክትትል በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የምትኖር ሴት ጡቷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት፣ ኬሞዋንም ጨርሳ ስትወጣ ብዙ ጊዜ ይዛ የምትሄደው ክኒን ነው። በቀን አንዴ ይዋጣል። ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዷ እስከ 10 ዓመት። ክኒኑ የታዘዘው ለጡት ነው፤ ነገር ግን ማህፀንንም፣ ኦቫሪንም (እንቁላል የሚያመርተውን)፣ አጥንትንም ይነካል። የማህፀን ክትትል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደግነቱ ክትትሉ ሰው እንደሚያስበው የማሽን ጋጋታ አይደለም። ዋናው ነገር ሴትየዋ ደም ስታይ ሳትውል ሳታድር መናገሯ ነው።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛውን መድኃኒት እንደምትወስድ ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚታወቀው ታሞክሲፈን ነው፤ በቀን 20 ሚሊግራም። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ጡት ላይ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ይይዝና ሆርሞኑን ያለ ቦታ ያስቀረዋል። ማህፀን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወንበሩን የያዘው ታሞክሲፈን ራሱ ኢስትሮጅን የሆነ ይመስል ይሠራል። የማህፀን ግድግዳ ይወፍራል፣ ፖሊፕ (ትንሽ የሥጋ እብጠት) ሊያበቅል ይችላል፣ አልፎ አልፎም ካንሰር ይነሳል።

ሌሎቹ አናስትሮዞልና ሌትሮዞል ናቸው። የሚታዘዙት ላረጡ ሴቶች ነው፤ ሰውነት ኢስትሮጅን እንዳይሠራ ያደርጋሉ። የማህፀን ካንሰር አያመጡም። የእነሱ ጣጣ የብልት መድረቅ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የአጥንት መሳሳት ነው። ያላረጠች ሴት እነዚህን ብቻቸውን ብትወስድ ኦቫሪዋን ይበልጥ ይቀሰቅሱታል እንጂ አያስተኙትም። ስለዚህ በየ28 ቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ፣ ኦቫሪን የሚያስተኛ ጎሰረሊን፣ ወይም ኦቫሪን የማውጣት ቀዶ ጥገና አብሮ ይታዘዛል።

የታሞክሲፈን ስጋት ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ፣ ከ13,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት አለ። ታሞክሲፈን ከወሰዱ 1,000 ሴቶች በዓመት 2.3 ያህሉን የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ይዟቸዋል፤ ካልወሰዱት ደግሞ 0.9 ያህሉን። «ከእጥፍ በላይ» ሲባል ያስደነግጣል፣ ግን ከሺህ ሁለት ሴት ማለት ነው። ጭማሪው የታየውም በዋናነት 50 ዓመት በሞላቸው ላይ ነው። ይህን ሰምቶ ክኒኑን መጣል አያዋጣም። መድኃኒቱ ለታዘዘላት ሴት ጡቷ ላይ የሚሰጣት ጥቅም ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

ደም ላይ እንመለስ። ያረጠች ሴት ጠብታም ብትሆን ደም ካየች ቶሎ መታየት አለባት። ቡኒ ፈሳሽ፣ ሮዝ እድፍ፣ ውሃ የመሰለ ደም፣ ሁሉም እንደ ደም ይቆጠራል። «አበባዬ ተመልሶ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። ወሎ ላይ ሙስሊሟ ለሶላት፣ ክርስቲያኗ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ስትል ደም መኖር አለመኖሩን ድሮውንም ትከታተላለች። ስለዚህ ጠብታው አያመልጣትም። የሚያስቸግረው መናገሩ ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ሲል «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ውልቅ ማለት ይቀላል። ጥሩ ሐኪም እዚያ ላይ አያቆምም፤ «ደም አይተሻል ወይ?» ብሎ በግልጽ ይጠይቃል።

ያላረጠች ሴት ታሞክሲፈን ስትወስድ የወር አበባዋ ሊዛባ፣ ሊቀንስ ወይም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ይህ በራሱ ችግር አይደለም። በሁለት አበባ መካከል የመጣ፣ ከግንኙነት በኋላ የታየ ወይም ከወትሮው በጣም የበዛ ደም ግን ምርመራ ይፈልጋል። ነጣ ያለ ፈሳሽ መብዛቱም የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ሽታና ማሳከክ ከሌለው አያሳስብም። ምንም ምልክት የሌላት ሴት በዓመት አንዴ በማህፀን ሐኪም ብትታይ ይበቃታል።

ስለ አልትራሳውንድ ትንሽ ጠንከር ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ምንም ሳያማት «ለማንኛውም ልታይ» ብላ በየስድስት ወሩ ለግል ክሊኒክ የምትከፍል ሴት አለች። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ምልክት ለሌላት ሴት ይህንን አይመክርም። ምክንያት አለው። ታሞክሲፈን ከማህፀኑ ሽፋን ሥር ያለውን ሥጋ ስለሚያሳብጠው ስክሪኑ ላይ ግድግዳው ወፍሮ ይታያል፤ ውስጡ ግን ምንም ላይኖር ይችላል። ላረጡና ደም ለፈሰሳቸው ሌሎች ሴቶች የሚያገለግለው የ4 ሚሊሜትር የግድግዳ ውፍረት መለኪያ እሷ ላይ አይሠራም። 10 ሚሊሜትር የሚል ወረቀት ይሰጣታል። እንቅልፍ ታጣለች። ማህፀኗ ይጠረጋል። መጨረሻ ላይ «ነጻ ነሽ» ትባላለች። ይልቅ ያረጠች ሴት መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት አንዴ እንድትታይ የሚፈልጉ ሐኪሞች አሉ፤ ቀድሞ የነበረ ፖሊፕ ካለ እንዲታወቅ። ይሄ ያስኬዳል።

ደም አይታ ለመጣች ሴት ግን አልትራሳውንዱ ቦታ አለው። መጀመሪያ ጥያቄ ነው፤ መቼ ጀመረ፣ ስንት ጊዜ መጣ፣ ምን ትወስጃለሽ። እዚህ ላይ የክኒኑን እሽግ ይዞ መሄድ በጣም ይጠቅማል። «የጡት ክኒን» ብቻ ከተባለ ታሞክሲፈን ይሁን ሌትሮዞል አይታወቅም። ከዚያ የማህፀን በር በመሣሪያ ተከፍቶ ይታያል። ደሙ ከማህፀን በር ካንሰር የመጣ ሊሆንም ስለሚችል ይህ አይዘለልም። ቀጥሎ በብልት በኩል የሚገባው አልትራሳውንድ ነው። ግንኙነት ጀምራ የማታውቅ ሴት ውሃ ጠጥታ፣ ሽንቷን ይዛ በሆዷ በኩል ትታያለች። ወንድ ሐኪም የሚከብዳት ሴት ነርስ ወይም አዋላጅ አብራት እንድትቆም መጠየቅ ትችላለች።

የመጨረሻው ቃል የናሙና ነው። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በማህፀን በር አልፋ ከግድግዳው ትንሽ ሥጋ ትስባለች። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ቁርጠቱ ግን ይሰማል። ቱቦዋ ከሌለች ወይም ያወጣችው ካልበቃ ማህፀን ይጠረጋል። ናሙናው ፎርማሊን ያለበት ዕቃ ውስጥ ይገባና ስምና የካርድ ቁጥር ተጽፎበት ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) ይሄዳል። አንዳንዴ ዕቃውን የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው። ቦርሳ ውስጥ ፈሳሹ ከፈሰሰ ወይም ስሙ ከተፋቀ ምርመራው ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ ክዳኑንም ጽሑፉንም ከክፍሉ ሳይወጡ ማየት ነው።

የአካባቢው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። የማህፀንና ጽንስ ክፍልም፣ የካንሰር ሕክምና ክፍልም አለው። የኮምቦልቻ ሴት የሐረጎን ዳገት ወጥታ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ከቃሉ፣ ከወረባቦና ከአምባሰል ሪፈር የተባለችም እዚያው ትመጣለች። ለጨረር ደግሞ ለረጅም ዓመታት መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ነበር። በዚህ የተነሳ የአንዲት ሴት ወረቀት በየቦታው ይበተናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን ሲያዳርስ ሆስፒታሉ ተዘርፎ ስለነበር ወረቀትን ቤት መያዝ ለምን እንደሚጠቅም ለደሴ ሰው ማስረዳት አይከብድም። የፓቶሎጂ ውጤቱ፣ ካንሰሩ ለሆርሞን ምላሽ መስጠት አለመስጠቱን የሚያሳየው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ከተሠራም ውጤቱ፣ ክኒኑ የተጀመረበትም ቀን በስልክ ፎቶ ተነስተው ይቀመጡ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላት ደግሞ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳታጽፍ ብትመጣ ከኪሷ ልትከፍል ትችላለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ የጡት ካንሰር ገና መውለድ የሚችሉ ብዙ ሴቶችን ስለሚይዝ የእርግዝና ጉዳይ መነሳቱ አይቀርም። «አበባዬ ጠፍቷል፣ አላረግዝም» ብሎ መዘናጋት ያስጠይቃል። ታሞክሲፈን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው ለወሊድ መከላከያነት ታስቦ ነበር። ሴቶች ላይ ሲታይ ጭራሽ እንቁላል የሚያስወጣ ሆኖ ተገኘ። ጽንስንም ሊጎዳ ይችላል። የሦስት ወር መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውና የእርግዝና መከላከያ እንክብሉ ሆርሞን ስላለባቸው ለእሷ አይሆኑም። ጤና ጣቢያ ሄዳ የጡቷን ታሪክ ሳትናገር መርፌውን ተወግታ ልትመለስ ትችላለች። የሚሆናት የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው።

ልጅ የምትፈልግስ? እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር መድኃኒት ወስደው፣ ለመውለድ ሲሉ እስከ 2 ዓመት ያቋረጡ ሴቶችን ተከታትሏል። በአጭር ጊዜ ክትትሉ ካንሰሩ የበለጠ ሲመለስባቸው አልታየም። ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ 3 ወር ይጠብቁ ነበር። ውሳኔው ግን ከካንሰር ሐኪሙ ጋር ነው እንጂ በራስ አይደለም።

ብዙም የማይወራው የብልት መድረቅ ነው። አናስትሮዞልና ሌትሮዞል ላይ ይብሳል። ግንኙነት ያማል፣ ሽንት ያቃጥላል፣ ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ ይራራቃሉ። መጀመሪያ የሚሞከረው ሆርሞን የሌለው ማለስለሻ ነው። የኢስትሮጅን ቅባት ያለ ካንሰር ሐኪሙ ፈቃድ አይገዛም፤ በተለይ ከእነዚህ ሁለቱ ጋር።

የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ታሞክሲፈን ስለወሰደች አይቀርላትም፣ አይበዛባትምም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች እንደ አቼቶ ያለ አሲድ ተቀብቶ በዓይን ይታያል። ያረጠች ሴት ግን መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ የኤች ፒ ቪ (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ይሻላታል።

በጾም ወራት ክኒኑ አይቋረጥም። ታሞክሲፈን ሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር ማዛወር ምንም አይጎዳውም። በባዶ ሆድም ይዋጣል። የሙቀት ስሜቱ ግን ያስቸግራል፤ በደሴ ብርድ እኩለ ሌሊት ጋቢዋን ገፋ ላብ የምትጠርግ ሴት አለች። ለዚህም ሆነ ለጭንቀት መድኃኒት ሲታዘዝ ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ታሞክሲፈንን ሊያዳክሙት ስለሚችሉ ሌላ እንዲመረጥ መጠየቅ ይገባል።

5 ወይም 10 ዓመቱ ሲያልቅ ክኒኑ ይቆማል፤ የማህፀን ስጋቱ ግን በዚያው ቀን አይጠፋም። ከዓመታት በኋላ ደም ያየች ሴትም ለሚያያት ሐኪም ታሞክሲፈን ትወስድ እንደነበር፣ መቼ እንዳቆመችም መንገር አለባት።