ሜታዳታ ፕሮፋይል፦ የወሎ ጽሑፎች ሲመዘገቡ

የአንድ ብራና ርዕስ፣ ጸሐፊ፣ ቋንቋ፣ ዘመን፣ የሚገኝበት ቦታ፤ እነዚህ ሁሉ ሜታዳታ ይባላሉ። ሜታዳታ ፕሮፋይል ደግሞ የአመዘጋገቡ ደንብ ነው። የትኛው ፊልድ (የመረጃ መሙያ ቦታ) እንደሚሞላ፣ የትኛው ግዴታ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚደጋገም፣ ምን ዓይነት መልስ እንደሚቀበል ይወስናል።

ደንቡ ያስፈለገው ዓለም አቀፎቹ ስታንዳርዶች ሆን ተብለው ልል ስለሆኑ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ደብሊን ኮር፣ 15 መሠረታዊ ፊልዶች አሉት። አንዳቸውም ግዴታ አይደሉም፤ ሁሉም መደጋገም ይችላሉ። ማጥበቁ ለፕሮፋይሉ የተተወ ነው።

ወሎ ላይ ግን ሲያጠብቁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የወሎ ሼሆች የአማርኛ መንዙማ በዓረብኛ ፊደል ጽፈዋል። አጻጻፉ ዐጀሚ ይባላል። ፕሮፋይሉ ያለው «ቋንቋ» የሚል ፊልድ ብቻ ከሆነ፣ መዝጋቢው ፊደሉን አይቶ «ዓረብኛ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። በቃ፣ የአማርኛ ግጥም የሚፈልግ ሰው ያንን ጽሑፍ አያገኘውም። እንዲህ ያለ ቅርስ መደርደሪያ ላይ እያለ ሲጠፋ ያሳዝናል። ስለዚህ ቋንቋና ፊደል ለየብቻ ይቀመጡ። ለቋንቋ አይሶ 639፣ ለፊደል አይሶ 15924 የሚባሉት ዓለም አቀፍ ስታንዳርዶች የተዘጋጁ ኮዶች አሏቸው። ሁለቱም ፊልዶች መደጋገም መቻል አለባቸው፤ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ዓረብኛም አማርኛም ሊኖር ይችላልና።

ዘመን ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ዘመኑ 1280/81 እ.ኤ.አ. ተብሎ ይጻፋል። በእኛ 1273 ዓ.ም. ማለት ነው። ዓመቱ ከመስከረም ስለሚጀምር በፈረንጆቹ ሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል። «አራት አኃዝ ብቻ» የሚል ገደብ ከተጣለ አንደኛው ዓመት ተቆርጦ ይቀራል። የሚሻለው ዘመኑን ብራናው ላይ እንደተጻፈ መቅዳት፣ አቆጣጠሩን (ዓመተ ምሕረት፣ ዓመተ ዓለም ወይም ሂጅራ) ከዝርዝር መምረጥ፣ ከዚያ የፈረንጆቹን መነሻና መድረሻ መሙላት ነው።

የቦታ ስምም ዝርዝር ይፈልጋል። ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ እየተባለ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሦስት ቦታ ያደርገዋል። የድሮ መዛግብት ላስታን «አውራጃ» ይላሉ፤ አሁን በሰሜን ወሎ ዞን ሥር ነው። ሁለቱም ይያዙ።

ፕሮፋይሉን መጀመሪያ በተራ ሠንጠረዥ መሥራት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ፊልድ አንድ መስመር በቂ ነው። ኮምፒውተር ራሱ እንዲፈትሸው ከተፈለገ ሻክል (SHACL) የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ አለ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የድር ስታንዳርድ ሆኗል። ሻክል ባዶ የቀረውን ግዴታ ወይም ከዝርዝሩ ውጭ የሆነውን መልስ ይይዛል። ዐጀሚው ዓረብኛ ተብሎ ከተመዘገበ ግን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

ግዴታ በተደረገ ፊልድ ሁሉ «አልታወቀም» የሚል ምርጫ መኖር አለበት። ብዙ ብራና የጸሐፊውም የዘመኑም ነገር አልተጻፈበትም። ምርጫው ከሌለ፣ ፎርሙን መዝጋት የፈለገ መዝጋቢ ገምቶ ይሞላል፤ ግምቱም ከዚያ በኋላ እንደ እውነት ይጠቀሳል።